ስባሪው ይመስክር

ስለ ጎልፍ ልንጽፍ ነው ስንል በማደሪያችን ያልሳቀ የለም። «ለምሳ የምትሰለፉ ልጆች ከጎልፍ ጋር ምን አገናኛችሁ?» ያሉን አሉ። መቸም እውነታቸውን ነው። ከመካከላችን የጎልፍ ዱላ ጨብጦ ኳስ የመታ አንድም ሰው የለም። ዱላውን በትከሻው የተሸከመ ግን አንድ አለ፤ የእሱን ነገር ቆይተን እናነሣዋለን። ደግሞስ የኛ ጉዳይ ከኳሱ ጋር አይደለም፣ ከዱላው ጋር ነው። ይኸውም፤ ከብረት ይሻላል እየተባለ የሚሸጠው የግራፋይት ዘንግ በአንድ ምት እንደ ደረቅ አገዳ ቀጭ የሚለው ለምንድን ነው? ሲሰበርስ ዕዳው የማን ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ የመሐንዲሶች ይመስላል። ሁለተኛው ግን የሁላችንም ነው፤ ያለ መጀመሪያውም አይመለስም። ስለዚህ እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች የፊዚክስ ጓደኞቻችንን ስናስቸግር፣ የቤተ መጻሕፍቱንም መደርደሪያ ስናገላብጥ ሰንብተን ያገኘነውን እነሆ ብለናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ከዕቃው እንጀምር። የጎልፍ ዱላ ሦስት ነገር ነው፤ እጅ የሚጨብጠው ላስቲክ፣ ረጅሙ ዘንግ፣ ኳሱን የሚመታው ራስ። ዘንጉ በፊት እንጨት ነበር፤ ሂከሪ የሚባለው ጠንካራ የአሜሪካ ዛፍ ለብዙ ጊዜ ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል። እንጨት መቸም እንጨት ነው፤ እርጥበት ያጣምመዋል፣ ድርቀት ይሰነጥቀዋል፣ ሁለት ዘንግ አንድ ዓይነት አይሆንም። ከዚያ የብረት ቱቦ መጣ። በዚያ ዘመን የጨዋታውን ሕግ ከሚያወጡት አንዱ የነበረው የስኮትላንዱ የሴንት አንድሩስ ክለብ የብረት ዘንግን የፈቀደው በ1929 ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ ሼክስፒር በሚባል የአሜሪካ የስፖርት ዕቃ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ፍራንክ ቶማስ የግራፋይቱን ዘንግ ሠራ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በስሙ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ፋብሪካው የሚታወቀው ግን በቴአትር ሳይሆን በዓሣ ማጥመጃ ዘንጎቹ ነው።

የተፈለገው ነገር ቅለት ነው። የብረቱ ዘንግ ብዙውን ጊዜ 120 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የግራፋይቱ ከ50 እስከ 80 ግራም ነው። ዘንጉ ሲቀል ዱላው ይፈጥናል፣ ዱላው ሲፈጥን ኳሱ ይርቃል። ነገሩ ይኸው ነው።

«ግራፋይት» የሚለው ስም ራሱ ትንሽ ያሳስታል። በእርሳሳችን ውስጥ ያለው ጥቁር ነገርም ግራፋይት ነው፤ ከሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ፣ ወረቀት ላይ እየተፋቀ የሚቀር ለስላሳ ነገር። የዘንጉ ግን የካርቦን ክር ነው። የአንዱ ክር ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ለሺህ ቢከፈል ከ5 እስከ 7 እጁን ያህል ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ዐሥር እጥፍ ያህል ይወፍረዋል። ለብቻው በጣት የሚበጠሰው ይህ ክር በብዙ ሺህ ሆኖ ኢፖክሲ በሚባል ሙጫ ሲያያዝ ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ይደርሳል። ሙጫው ከክሩ የደከመ ነው፤ ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ሸክሙን ከክር ወደ ክር ያካፍላል፤ ክሮቹም ሲገፉ እንዳይታጠፉ ደግፎ ይይዛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል የሚባለው? ሎሚውን ለሃምሳው የሚያድለው እንግዲህ ሙጫው ነው።

አሠራሩ የሸማኔና የጋጋሪ ሥራ ድብልቅ ነው። ሙጫ የጠጡ የክር ሉሆች ይቆረጡና በቀጭን የብረት ዘንግ ላይ ይጠቀለላሉ፤ ከላይ በጥብጣብ ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ፤ ምድጃ ገብተው ይበስላሉ። ሲበርዱ የውስጡ ብረት ይመዘዛል፣ ውጩ ተሞርዶ ቀለም ይቀባል። የሚቀረው ባዶ ቱቦ ነው። ብልሃቱ ያለው በክሩ አቅጣጫ ላይ ነው። በቁመት የተዘረጋው ክር መጉበጥን ይቋቋማል፤ ግራና ቀኝ በ45 ዲግሪ ሰያፍ የተዘረጋው መጠምዘዝን ይቋቋማል፤ ዙሪያውን የሚጠመጠመው ቱቦው እንዳይጨፈለቅ ይጠብቃል። ክር ባልተዘረጋበት በኩል ለሚመጣ ኃይል ግን መልስ የሚሰጠው ያው የደከመው ሙጫ ብቻ ነው። ይህን ልብ በሉልን፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ ስብራቱ እንምጣ። የካፌያችንን ማንኪያ የማያውቅ አለ? ግማሹ ጎባጣ ነው። ብረት ከአቅሙ በላይ ሲጫኑት ይጎብጣል፣ ጎብጦም ይቀራል። ይህ እንደ ድክመት ይታያል እንጂ ትልቅ ቸርነት ነው፤ ባለቤቱ አይቶ ይጠነቀቃልና። የካርቦን ክር ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ከርዝመቱ ከመቶ አንድ ተኩል እስከ ሁለት ያህል ተስቦ ይበጠሳል። እስከዚያ ድረስ በለቀቁት ቁጥር ቀጥ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ማጉረምረም የለ፣ መጉበጥ የለ፤ ወይ ደህና ነው፣ ወይ ተሰብሯል። ስለዚህ የተሰበረበት ሰው ሁሉ የሚናገረው ዐረፍተ ነገር አንድ ነው፤ «አሁን ደህና አልነበረም እንዴ?»

ደህና አልነበረም። በ1921 ግሪፊት የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ስለ ስብራት አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። መስተዋት በስሌት መሸከም ከሚገባው እጅግ ያነሰ ሸክም የሚሰብረው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ያገኘው መልስ፣ ዐይን የማይደርስባቸው ጭረቶችና ስንጥቆች ስላሉበት ነው የሚል ነው። በደህናው አካል ላይ ተዘርግቶ የሚያልፈው ኃይል፣ ስንጥቁ ጫፍ ሲደርስ ይጠራቀማል፤ ስንጥቁም በቂ ኃይል ያገኘ ለት ይሮጣል። መስተዋቱን እየሳበ ክር ሲያደርገው ደግሞ፣ ክሩ በቀጠነ ቁጥር ለውፍረቱ እየበረታ ሄደ፤ ቀጭን ነገር ትልቅ ስንጥቅ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውማ! እንግዲህ ከግሪፊት የምንማረው ይህን ነው፤ አንድ ዕቃ የሚሰበረው በጤነኛው ጎኑ ልክ ሳይሆን በክፉኛ በቆሰለው ቦታ ልክ ነው። ስለዚህ «ለምን ተሰበረ?» ማለት «መቼና የት ቆሰለ?» ማለት ነው።

ታዲያ የግራፋይት ዘንግን የሚያቆስለው ማን ነው? ያገኘናቸው አራት ናቸው።

አንደኛው ቅርጹ ራሱ ነው። ገጠር ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው የመጥረቢያ ዛቢያ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ ላይ አይደለም፤ ወደ ብረቱ ከሚገባበት አንገት ላይ ነው። የጎልፍ ዱላም እንዲሁ ነው። የሚጎብጠው ዘንግ ከማይጎብጠው የብረት ራስ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ኃይሉን ሁሉ ይሰበስባል።

ሁለተኛው ገጣጣሚው ነው። ራሱን በሙጫ ለማጣበቅ የዘንጉ ጫፍ ቀለሙ መሞረድ አለበት፤ ሞራጁ ቀለሙን አልፎ ከሄደ የሚቆርጠው ክሩን ነው። የአንገቱ ቀዳዳ አፍ ስለቱ ካልተላገ ዘንጉን በጎበጠ ቁጥር እንደ ቢላ ይገዘግዘዋል። ራስ ለመቀየር በእሳት ሲሞቅም ሙቀቱ ከበዛ የዘንጉ የራሱ ሙጫ ያርራል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ምንም አልሆነም።

ሦስተኛው ቦርሳው ነው። በአንድ ቦርሳ ውስጥ እስከ ዐሥራ አራት ዱላ ይታጨቃል። በእግር ሲሄዱ፣ በመኪና ሲጫን፣ የብረቶቹ ራስ የግራፋይቱን ጎን ሲፍቅ ሲያንኳኳ ይውላል። ይህ ያ ክር ባልተዘረጋበት በኩል የሚመጣ ኃይል ነው፤ ንብርብሮቹን ከውስጥ ያላቅቃል።

አራተኛው ተጫዋቹ ነው። እዚህ ላይ ቁጥር እንጥቀስ። ኳሱ 46 ግራም አይሞላም። የረጅሙ ዱላ ራስ 200 ግራም ገደማ ነው፤ በሙያተኛ እጅ በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይፈጥናል። ከኳሱ ጋር የሚገናኙት ለአንድ ሴኮንድ ሺህኛ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ጤነኛ ዘንግ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሺህ ጊዜ ቢመታበት አይከፋውም። የሚከፋው ኳሱ ቀርቶ መሬት ሲመታ፣ ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ሲያገኝ ነው። ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ሰውዬው ተሸንፎ ሲናደድና ዱላውን መሬት ላይ ሲያሳርፈው ነው። ዘንጉ ያን ቀን ላይሰበር ይችላል። ቂሙን ይዞ ቦርሳው ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ጓደኛችን። ሰባተኛ ክፍል ሳለ ቅዳሜና እሑድ በአንድ የጎልፍ ሜዳ ካዲ ነበር፤ ማለትም ቦርሳ ተሸካሚ፣ ኳስ ፈላጊ፣ ዱላ ጠራጊ። አንድ እሑድ አንድ ትልቅ ሰው ረጅሙን ዱላ ሲያወናጭፉ ዘንጉ ተሰበረና ራሱ ከኳሱ ርቆ ሄደ። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«አንተ ልጅ፣ የት ጋ አጋጭተህብኝ ነው?»

«ኧረ እኔ አላጋጨሁም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ በራሱ ነው የተሰበረው?»

የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ለዚህ ምን ይመልሳል? የሜዳው ኃላፊ ተጠራ፤ ብዙም ሳይጠይቅ «ከሒሳቡ ይቆረጥ» አለ። እስከ ትምህርት መዝጊያ ድረስ ልጁ በየሳምንቱ ከሚያገኛት ግማሿ ተቆረጠች። ገንዘቧ ለደብተርና ለታናሽ እህቱ ጫማ የታሰበች ነበረች። ጓደኛችን ይህን ሲያወራ እየሳቀ ነው፤ ያጫወተንም በሻይ ሰዓት ነው። ሳይስቅ የተናገራት አንዲት ነገር ብቻ ናት። «የከፈልኩበትን ስባሪ እንኳ አልሰጡኝም» አለ።

ይህች ንግግር ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችን። ምን ያደርግለት ነበር ስባሪው? እንጃ፣ ልጅ ነበር፤ ይጫወትበት ነበር ይሆናል። አሁን ግን እንደገባን ከሆነ ስባሪው የነገሩ ብቸኛ ምስክር ነበር።

ለጓደኛችን ግን አናድላ። ቦርሳ ውስጥ መጋጨት ዘንግን እንደሚያቆስል አሁን ራሳችን ጽፈናል። ስለዚህ ደጋግመን ጠየቅነው። የት ላይ ተሰበረ? ከራሱ በላይ ሁለት ጣት ያህል፣ አንገቱ ላይ። ቀለሙ ጎኑ ላይ ተፍቆ ነበር? አልነበረም፤ በየሳምንቱ የሚጠርገው እሱ ስለነበረ ያውቃል። ዱላዎች በቦርሳ ውስጥ ራሳቸውን ወደ ላይ አድርገው ነው የሚቆሙት፤ አጫጭሮቹ ብረቶች የረጅሙን ዘንግ የሚያገኙት ከራሱ ዝቅ ብሎ፣ ጎኑ ላይ ነው። የቦርሳ ቁስል ቢሆን የተፋቀ ምልክት እዚያ ይታይ ነበር። አንገት ላይ የሚሰበር ዘንግ ግን ስለ ገጣጣሚውና ስለ መሬቱ ነው አስቀድሞ የሚያስጠይቀው። ስለ መሬቱ ስናነሣበት ጓደኛችን ትንሽ ዝም ብሎ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ኳሳቸው ውኃ ውስጥ ስትገባ ሰውዬው በዚያው ዱላ ሣሩን ሁለት ጊዜ እንደደበደቡት ነገረን። አይቷል። ግን በትልቅ ሰው ፊት፣ ያውም እንጀራው በእሳቸው እጅ ሆኖ፣ ምን ብሎ ይናገር?

ይህ ሁሉ ጓደኛችንን በማስረጃ ነፃ አያወጣውም፤ ዱላው ከቦርሳው ጋር ወድቆ እንደሆነስ ማን ያውቃል የሚል አይጠፋም። ይሁን። አጣሪ ቢኖር ግን ከየት እንደሚጀምር ያሳያል። ቁስሉ የቦርሳም ቢሆን ኖሮ እንኳ ዐሥራ አራት ዱላ በአንድ ቦርሳ ያጨቁት፣ ለረጅሙ ዱላ ሽፋን ያልገዙለት ባለቤቱ ናቸው። ሳያንቀጫቅጭ ቦርሳ መሸከም የሚችል ሰው አልተፈጠረም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው፤ ፋብሪካው ሩቅ ነው፣ ገጣጣሚው አይታወቅም፣ ሰውዬው ይፈራሉ። ቅርብ የነበረው ልጁ ነው።

ይህ የልጅ ቦርሳ ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ፣ ያው የካርቦን ክር ሌላ ቦታ ምን እንደሚደረግ እንይ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከክርና ከሙጫ የተሠራ ነው። ታዲያ በአውሮፕላን መሄድ እንተው? አይደለም። እዚያ ሥራው የሚጀመረው የማይታይ ቁስል ሊኖር ይችላል ከሚል ግምት ነው። ክፍሎቹ ሆን ተብለው እንዲቆስሉ ተደርገው ይፈተናሉ። የዕቃ መጫኛ መኪና የአውሮፕላኑን ጎን ነካ ካደረገ፣ ምልክት ባይታይም ሪፖርት እንዲደረግ ይፈለጋል፤ ከዚያ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ውስጡ ይመረመራል። እንዲህ ያለ ቤት «ማን አጋጨ?» ከማለቱ በፊት «የት ተጋጨ?» ማለት ግድ ይሆንበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የነካ ሁሉ የሚቀጣ ከሆነ የሚናገር አይኖርም፣ ቁስሉም ተደብቆ ይበርራል።

ተቃራኒውንም ዓለም አይቶታል። የታይታኒክን ስባሪ ለማየት 3,800 ሜትር ገደማ ወደሚጠልቀው የባሕር ወለል ሰው ታመላልስ የነበረችው ታይታን የምትባል ጠላቂ መርከብ ቀፎዋ ከካርቦን ክር የተጠመጠመ ነበር። በጁላይ 2022 ከአንድ ጉዞ ወደ ላይ ስትመለስ ከቀፎዋ ኃይለኛ ድምፅ ተሰማ፤ የተገጠሙላት መለኪያዎችም ከዚያ በኋላ የተለወጠ ነገር አሳይተው እንደነበር የአሜሪካ መርማሪዎች አረጋግጠዋል። ግን ወደ ሥራ ተመለሰች። ጁን 18 ቀን 2023 ከያዘቻቸው አምስት ሰዎች ጋር ባሕር ውስጥ ተጨፈለቀች። ዝምተኛ የተባለው ክር ያን ጊዜ ጮኾ ነበር፤ የጠፋው ሰሚ ነው።

ወደ ራሳችንም ሠፈር እንመለስ። በዓመቱ መጨረሻ ክሊራንስ ሲመጣ ምን እንደምንሆን እያንዳንዳችን እናውቃለን። አልጋው እግሩ ተሰብሯል፣ የቁም ሣጥኑ መዝጊያ ወልቋል። ማን ይክፈል? መጨረሻ የተኛበት። አልጋው ስንት ባች እንዳሳደረ፣ ብየዳው መጀመሪያውኑ ስንት ነጥብ እንደነበረ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በስንት ሰው ጉተታ ከፎቅ ወደ ፎቅ እንደወጣ የሚጠይቅ የለም። የመጨረሻው ሰው ስሙ ቅጽ ላይ አለ፤ ሌሎቹ የሉም። እኛም ብንሆን አንዳችን የሌላውን ራዲዮ ይዞ ሲበላሽበት «አንተ ጋ ነው የተበላሸው» ከማለት ወደ ኋላ አንልም። ጉዳቱን ማወቅ አድካሚ ነው፤ ሰው መያዝ ይቀላል።

ቀላል ባይሆንም ግን የሚቻል ነው። በገበያ ቀን እናቶቻችን እንስራ ሲገዙ አይተናል። ዙሪያውን በዐይናቸው ያያሉ፤ ከዚያ አንሥተው በጣታቸው ቆርቆር ያደርጉና ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ጤነኛው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይሞታል። የፊዚክስ ጓደኞቻችን እንደነገሩን የአውሮፕላን መርማሪም ከረቀቀው መሣሪያ ሌላ ይህንኑ ያደርጋል፤ በሳንቲም ወይም በትንሽ መዶሻ የካርቦኑን ገላ እየቆረቆረ፣ ንብርብሩ የተላቀቀበትን ቦታ በሞተው ድምፁ ያውቀዋል። የጎልፍ ዘንግም በየጊዜው ቢጠረግ፣ አንገቱ ቢታይ፣ የተፋቀ ቀለሙ በጥፍር ቢዳሰስ ብዙ ይናገራል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው፤ እንስራ የገዛች እናት ያላት ሰው ሁሉ ይህን ትምህርት ቤቱ ተምሮታል።

ስለዚህ ለጥያቄያችን ያለን መልስ ይህ ነው። ዘንግ በራሱ አይሰበርም፤ ሰውዬው እዚያ ላይ ልክ ነበሩ። ግን በአንድ ቀንና በአንድ ሰው እጅ ብቻም አይሰበርም። ከሞራጁ እስከ ተሸካሚው ብዙ እጅ ነክቶታል፣ ዕዳውም ከተነሣ በየድርሻው መነሣት አለበት። ከእንግዲህ በክሊራንስ ጠረጴዛም ሆነ በሌላ ቦታ «አንተ ነህ የሰበርከው» ስንባል፣ ወይም እኛው ራሳችን ሌላውን ልንል አፋችንን ስንከፍት፣ አንድ ነገር እንጠይቅ። ስባሪው ይምጣ። አንገቱ ይታይ፣ ጎኑ ይዳሰስ፣ ከዚህ በፊት ማን ዘንድ እንደነበረ ይጠየቅ። ከዚያ በኋላ የሚከፍለው ይክፈል፤ የከፈለም ስባሪውን ይውሰድ።